ዱባና ቅመም የገባባቸው ጠንካራ የመጸው ቢራዎች፦ የትኛው ለየትኛው ጠጪ?

አሜሪካ ውስጥ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ ከኦገስት ጀምሮ፣ የመጠጥ መደብሩ መደርደሪያ ዱባ በተሣለባቸው ብርቱካናማ ጣሳዎች ይሞላል። ሁሉም የዱባ ቢራ ይባላሉ። ነገር ግን አንዱ 4.5 በመቶ አልኮል ያለው ቀላል ቢራ ሲሆን ሌላው ወደ ወይን ጠጅ የሚጠጋ 10 በመቶ ነው። አንዱ ቫኒላና ብስኩት ይሸታል፤ ሌላው ቅርንፉድ በቅርንፉድ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ጥቁር ሆኖ ቡናና ቸኮሌት ይላል። ባለ አራት ጣሳ እሽግ ገዝቶ፣ አንዱን ቀምሶ፣ ሦስቱን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስረጅ ሰው ብዙ ነው። ቢራው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ለሌላ ዓይነት ጠጪ የተሠራ ስለሆነ ነው።

እዚህ የሚነጻጸሩት 7 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ያላቸው፣ በአሜሪካ ገበያ ለዓመታት የታወቁ ሰባት ቢራዎች ናቸው። የአልኮል መጠናቸው ከዓመት ዓመት በጥቂቱ ሊለዋወጥ ስለሚችል መታመን ያለበት ጣሳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። በስሙ ውስጥ "ኢምፔሪያል" የሚል ቃል ያለበት ከተለመደው የበረታ ነው፤ በምን ያህል እንደበረታ ግን ከቃሉ አይታወቅም።

ዱባው ራሱ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ጣሳውን ከፍቶ የዱባ ጣዕም ይፈልጋል፤ ሲያጣውም ይከፋል። ዱባ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውኃ ነው። ያለችው ስታርችና ስኳርም በጠመቃው ጊዜ ትፈርሳለች፤ አብዛኛውን እርሾው በልቶ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። የሚተርፈው ለአፍ የሚሰማ መጠነኛ ክብደት፣ ለስላሳነት፣ ደብዘዝ ያለ የአትክልት ጣዕምና በጥቂቱ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀለም ነው።

በቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካውያን ዱባን ቢራ ውስጥ ያስገቡት ብቅል ስላጠራቸው ነበር እንጂ ለጣዕሙ ብለው አልነበረም። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ሄይዋርድ ውስጥ የቡፋሎ ቢልስ ቢራ ጠማቂ ቢል ኦወንስ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን በዱባ ይጠምቅ እንደነበር አንብቦ ሞከረው። ዱባው ብቻውን ያሰበውን ጣዕም አልሰጠውም፤ የዱባ ፓይ (ዱባ ተሞልቶበት የሚጋገር የአሜሪካ ጣፋጭ) ቅመም ሲጨምርበት ነው ዛሬ የምናውቀው ቢራ የተገኘው። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ሲመርጡ የሚመርጡት በዋናነት ቅመም፣ ጣፋጭነትና የብቅል መሠረት ነው።

"ትኩስ ዱባ" የሚለውንም ነገር ብዙ አይፈልጉት። ቢራው ኦገስት ላይ መደብር እንዲደርስ በሐምሌው ሙቀት፣ ወይም ከዚያ በፊት፣ መጠመቅ አለበት፤ የዓመቱ ዱባ ግን የሚሰበሰበው ከሴፕቴምበር ወዲህ ነው። በመሆኑም ቀድሞ የሚወጣው ቢራ የሚጠመቀው ካለፈው ዓመት ምርት በስሎና ተፈጭቶ በተቀመጠ ዱባ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። በደንብ የበሰለ ዱባ ስኳሩ ስለሚጠብስ ጥሬው ከሚሰጠው የተሻለ ጣዕም ይሰጣል።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው ቅመሙ ነው። የዱባ ፓይ ቅመም የሚባለው ቀረፋ፣ ገውዝ ማለትም ነትሜግ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና ኦልስፓይስ ነው። ኦልስፓይስ የጃማይካ ቅመም ነው፤ ፍሬው ቁንዶ በርበሬ ይመስላል፣ ሽታው ግን ቀረፋና ቅርንፉድ አንድ ላይ የተወቀጡ ያስመስለዋል። አምስቱም አንድ ቢራ ውስጥ ላይገቡ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው የትኛው እንደሚመራ ነው።

ቀረፋ ስኳር ሳይኖር የጣፋጭ ስሜት ይሰጣል፤ ሲበዛ ግን ምላስ ላይ ደረቅ፣ እንጨት እንጨት የሚል ነገር ይተዋል። ቅርንፉድ ሲበዛ ያደነዝዛል። ጥርስ ሲታመም የምንነክሰው ቅርንፉድ ሕመሙን የሚያስታግሰው ዩጀኖል የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው፤ ቢራ ውስጥም ከልክ ሲያልፍ ያው ሥራውን ይሠራል፣ ከሦስተኛው ጉንጭ በኋላ ሌላ ጣዕም አይለይም። ገውዝ በትንሹ ሞቅ ያለ መዓዛ ነው፤ ሲበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ዝንጅብል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአልኮል ጋር ይምታታል። መለያው ቀላል ነው፦ የዝንጅብል ማቃጠል ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቆያል፤ የአልኮል ሙቀት ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ወደ ደረትም ይወርዳል።

ቅመሙ መቼ እንደገባም ጣዕሙ ይናገራል። ለረጅም ጊዜ አብሮ ከፈላ መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል፣ የልጡ ታኒን ግን ቢራው ውስጥ ይቀራል። ሽታው ደካማ ሆኖ ምላስን የሚኮመትር ደረቅ ምሬት የተረፈበት ቢራ ካጋጠመዎት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጠንቃቆቹ ጠማቂዎች ቅመሙን መፍላቱ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ አለዚያም እርሾው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ይጨምሩታል።

ሁለተኛው ጣፋጭነቱ ከየት እንደመጣ ነው። እርሾው ያልጨረሰው የብቅል ስኳር ወፍራምና ካራሜል የሚመስል ጣፋጭነት ይሰጣል። ቫኒላ ሽታው ብቻ ጣፋጭ ነው፤ አፍንጫ ምላስን ያታልላል። በሦስተኛ ደረጃ የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ አለ። የቢራ እርሾ ላክቶስን መብላት ስለማይችል ጣፋጭነቱና ክሬም የመሰለው ክብደቱ እስከ መጨረሻ ይቆያል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ጣሳውን አገላብጠው ማንበብ አለባቸው፦ ወተት የማይስማማቸውና ጿሚዎች። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካ የምስጋና በዓል፣ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሆነ ብዙ ዓመት ጾሙ ውስጥ ይውላል። ላክቶስ የሚገባባቸው በተለይ "ክሬም"፣ "ሚልክ ስታውት" ወይም "ላቴ" የሚል ስም ያላቸው ናቸው።

ስለ አልኮሉ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። በአሜሪካ አንድ መደበኛ መጠን የሚባለው 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው፤ ይኸውም 355 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ። ያው 355 ሚሊ ሊትር ጣሳ 8.6 በመቶ ሲሆን 24 ግራም ይይዛል፤ አንድ ጣሳ ጠጣሁ ያለ ሰው ወደ 1.7 መጠን ጠጥቷል። 10 በመቶ ከሆነ ድፍን ሁለት ነው። 650 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ትልቅ ጠርሙስ በ8.6 በመቶ ከሦስት መጠን በላይ ስለሚሆን ለአንድ ሰው ታስቦ የሚከፈት አይደለም። በአብዛኛው አሜሪካ የአሽከርካሪ የደም አልኮል ወሰን 0.08 በመቶ፣ ዩታ ውስጥ 0.05 ነው፤ በንግድ መንጃ ፈቃድ ከባድ መኪና ለሚነዳ ሰው 0.04 ነው። ጣፋጭነትና ቅመም አልኮሉን ስለሚሸፍኑት እነዚህ ቢራዎች ሳይታወቅ ይወርዳሉ፤ በዚህ ረገድ ከመራራ ቢራ ይልቅ አሳሳች ናቸው።

በደንብ የተጠመቀ ጠንካራ ቢራ አልኮሉ እንደ ሙቀት ብቻ ይሰማል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ካለው እርሾው ከሚገባው በላይ ሞቆ ሠርቷል ማለት ነው። ያንን ምንም ቅመም አይሸፍነውም።

ዕድሜውን ለማወቅ የጣሳውን ታች ወይም የጠርሙሱን አንገት ይመልከቱ። የቅመም መዓዛ ፈጥኖ ይደክማል፤ ከታሸገ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መጠጣቱ ይሻላል። ኦገስት ላይ ሲገዙ ደግሞ ያለፈው ዓመት ትርፍ ከአዲሱ ጋር ተደባልቆ እንዳይሰጥዎት ቀኑን ያረጋግጡ። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ቢራ ኦክስጅን ገብቶበታል። ብርሃን የመታው ጠርሙስ ደግሞ የሚሰነፍጥ መጥፎ ጠረን ያመጣል፤ ቡናማ ጠርሙስ ይህን ይቀንሳል፣ ጣሳ ጨርሶ ያስቀረዋል። መስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ ከተደረደረው አይግዙ።

ዋጋን በተመለከተ እሽጉን ከእሽግ ጋር አያወዳድሩ። ጠንካሮቹ ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በአራት ነው፣ ቀላሎቹ በስድስት፤ የእሽጉን ዋጋ በሚሊ ሊትር አካፍለው ያወዳድሩ። በርሜል ውስጥ የቆየ ቢራ ሁልጊዜ ይወደዳል፤ ወራት የሚፈጅ ቦታና እንጨት ከፍሎበታል። ከሃሎዊን በኋላ ብዙ መደብሮች ዋጋ ይቀንሳሉ። ያኔ የተገዛ ቢራ ወዲያው የሚጠጣ እንጂ የሚቀመጥ አይደለም።

አቀማመስ

እነዚህን ቢራዎች ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው መጠጣት ግማሽ ገንዘብን መጣል ነው። 4 ዲግሪ ላይ ቅመሙም ብቅሉም ዝም ይላሉ። ጣሳው ወጥቶ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ሁሉም ይወጣል። ጥቁሩና የበርሜሉ እስከ 15 ቢሞቁ ይጠቀማሉ። ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ ግን አልኮሉ ብቻውን ይነግሣል፣ ቫኒላውም ይሰለቻል።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ከሌለ የወይን ጠጅ ብርጭቆ ይበቃል። አንዳንድ የአሜሪካ ቡና ቤቶች የብርጭቆውን ከንፈር በቀረፋና በስኳር ይቀቡታል። ለመዝናናት ጥሩ ነው፤ ቢራውን ለመመዘን ለሚፈልግ ግን ፍርዱን ያበላሻል።

ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ይቅዱ። አንድ ጣሳ ለአምስት ሰው በምቾት ይደርሳል። ሰባቱንም በዚህ ልክ የቀመሰ ሰው 420 ሚሊ ሊትር፣ በአልኮል ሲሰላ ደግሞ ሁለት መደበኛ መጠን ያህል ወስዷል፤ ከዚያ በላይ የሚቀመስ ነገር ካለ ለሌላ ቀን ይደር። ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከደማቅ ወደ ጥቁር ነው፤ የበርሜሉ ምንጊዜም የመጨረሻ ይሁን። በመሃል ውኃና ምንም ያልተቀባ ነጭ ዳቦ ይቅረብ። እንጀራ ለዚህ አይሆንም፣ ኮምጣጣነቱ ምላስ ላይ ስለሚቆይ ቀጣዩን ቢራ ከሚገባው በላይ ጣፋጭ ያስመስለዋል። ከቅምሻው በፊት ባለው አንድ ሰዓትም ቡናና በርበሬ የበዛበት ምግብ ቢቀር ይመረጣል።

መጀመሪያ ያሽትቱ፤ ሁለት አጭር ማሽተት ከአንድ ረጅም ይበልጣል። ቀጥሎ በአፍ ሞላ አድርገው ይያዙ፣ ይዋጡ፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። በዚህ ዘርፍ ወሳኙ ከተዋጠ በኋላ የሚቀረው ነው። መጀመሪያ ያስደሰተ ቢራ ከደቂቃ በኋላ ደረቅ ምሬት ወይም የሚያጣብቅ ስኳር ሊተው ይችላል።

ነጥብ ለመስጠት የአሜሪካውን የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም፣ ቢጄሲፒን፣ የ50 ነጥብ ወረቀት መከተል ይቻላል፦ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ ለአፍ ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10። መልክ 3 ብቻ መያዙን ልብ ይበሉ። ይህን ዘርፍ ቢጄሲፒ 30ለ ሲል የመጸው ወቅት ቢራ ብሎ ይመድበዋል። ስሙ ፍርድን ስለሚያዛባ አንድ ሰው በሌላ ክፍል ቀድቶ ብርጭቆዎቹን በቁጥር ብቻ ያቅርብ፤ ስሙ የሚገለጠው ሁሉም ነጥቡን ከጻፈ በኋላ ነው።

ሰባቱ ቢራዎች

*ፓምኪንግ፣ ሰዘርን ቲየር፣ ኒውዮርክ፣ 8.6 በመቶ።* በዚህ ዘርፍ ሰዎችን እንደዚህ ቢራ ለሁለት የሚከፍል የለም። ሽታው ቫኒላ፣ ቅቤ የበዛበት ብስኩትና የፓይ ቅርፊት ነው፤ ቀረፋውና ገውዙ ከኋላ ናቸው። ቀለሙ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ክብደቱ መካከለኛ ነው። ጥንካሬው ግልጽ ነው፦ ቅመም የማይወድ ሰው እንኳ ሽታውን ወዶ ይቀርበዋል፣ 8.6 በመቶውም በደንብ ተደብቋል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ጣፋጩን የሚመክት የሆፕስ (ቢራን እንደ ጌሾ የሚያመርረው አበባ) ምሬት ትንሽ ስለሆነ ግማሽ ጣሳ ላይ ይሰለቻል። ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግብ በኋላ፣ ለሁለት ተካፍሎ የሚጠጣ ነው። የቫኒላ ሽታ የሚያቅለሸልሸው ሰው ጨርሶ አይግዛው፤ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ አይጠፋም።

*ዋርሎክ፣ ያው ሰዘርን ቲየር፣ 8.6 በመቶ።* የፓምኪንግ ጥቁር ወንድም ነው፣ ኢምፔሪያል ስታውት፣ ማለትም ጠንካራ ጥቁር ቢራ። የተቆላው ብቅል የሚያመጣው የቡናና የጥቁር ቸኮሌት ምሬት ጣፋጩን ይዞ ያቆመዋል። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመሱ ሚዛኑ የተሻለው ይሄኛው ነው። ጥቁር ቢራ ከባድ ነው ብሎ የሚፈራ ሰው ቁጥሩን ይመልከት፤ የሁለቱም አልኮል እኩል ነው። ያልጣፈጠ ጥቁር ቡና የሚወድ ሰው ከሰባቱ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይህን ነው።

*ኢምፔሪያል ፓምፕኪን፣ ዋየርባከር፣ ፔንሲልቬኒያ፣ 8.0 በመቶ።* ከቀረፋ፣ ከገውዝና ከቅርንፉድ ጋር ሄል ይገባበታል። ሄል ኮረሪማ አይደለም፤ ዝምድናው ግን የቅርብ ነው፣ ኮረሪማ የለመደ አፍንጫም ከመጀመሪያው ማሽተት ያገኘዋል። ቅመሙ ደፋር ነው፣ ስኳሩ ግን ከፓምኪንግ ያነሰ፣ አጨራረሱም ደረቅ ያለ ነው። በኢትዮጵያ ገበታ ላይ የሚቀመጥ አንድ የዱባ ቢራ ተመረጥ ቢባል ምርጫው ይኸው መሆን አለበት። ሚጥሚጣውም ንጥር ቅቤውም ኮረሪማ ስላለባቸው ክትፎ ላይ ቅመሙ ከቅመም ጋር ይገናኛል። ሚጥሚጣው ግን ቀነስ ይበል፤ ይህን የሚያህል አልኮል የቃሪያና የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል። ድክመቱ ቅርንፉዱ ነው፦ ሲሞቅ ቅድሚያውን ይይዛል፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ቀዝቀዝ ብሎ፣ 9 ወይም 10 ዲግሪ ላይ ይጠጣ።

*ዘ ግሬት ፓምፕኪን፣ ኤሊሲያን፣ ሲያትል፣ 8.1 በመቶ።* ይህ ጠማቂ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዱባ ቢራ ፌስቲቫል ያዘጋጀ ነው፣ ዱባውንም በሦስት ደረጃ ያስገባዋል፦ ብቅሉ በሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፍ፣ ሲፈላና እርሾው ሲሠራ። የተቆላ የዱባ ፍሬም አለበት። ውጤቱ አፍ ላይ ይሰማል፦ ከሰባቱ ዱባ የሚባል ነገር በእርግጥ ያለበት የሚመስለው ይህ ነው፣ ለስላሳና ሞላ ያለ። ቅመሙ ልኩን ያውቃል። ለየት ያለ ኃይለኛ መዓዛ የሚፈልግ ሰው ዝምተኛ ሊለው ይችላል። ምዕራብ አሜሪካ ለሚኖር ሰው ከምሥራቁ ይልቅ ማግኘቱ ይቀለዋል።

*ፓምፕኪን ኤል፣ ሽላፍሊ፣ ሴንት ሉዊስ፣ 8.0 በመቶ።* ቀረፋ፣ ገውዝና ቅርንፉድ በካራሜል ብቅል ላይ። የዱባ ፓይን በፈሳሽ መልክ ለሚፈልግ ከዚህ በላይ ቀጥተኛ የለም። ስሙ ላይ "ኢምፔሪያል" የሚል ስለሌለ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ቢራ ይይዘዋል፤ 8 በመቶ መሆኑን ለእንግዳ ሲያቀርቡ ይንገሩ።

*ፐንኪን ኤል፣ ዶግፊሽ ሄድ፣ ደላዌር፣ 7.0 በመቶ።* ከሰባቱ ቀላሉ ነው፣ ከታሪክም አንጻር ከቀደምቶቹ ይመደባል፤ በ1994 (እ.ኤ.አ.)፣ ፋብሪካው ከመከፈቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በምግብ አሠራር ውድድር አሸንፏል። መሠረቱ ብራውን ኤል የሚባል ቡናማ ቢራ ነው፤ ዱባ፣ ቡናማ ስኳር፣ ኦልስፓይስ፣ ቀረፋና ገውዝ ይገቡበታል። ቅርንፉድና ቫኒላ አለመኖሩ ልዩ ያደርገዋል፦ መጀመሪያ ቢራ ነው፣ ቅመሙ በኋላ ይመጣል። ቡናማው ስኳር ስሙ እንደሚያስፈራው አያጣፍጠውም፤ እርሾው ሙሉ በሙሉ ስለሚበላው አጨራረሱን ያደርቀዋል። ከተጠበሰ ቱርክ፣ ከዶሮ ጥብስ፣ ከዱባ ወጥ አልጫ ጋር ያለ ጠብ ይሄዳል። አንድ ሙሉ ጣሳ ሳይሰለች የሚያልቀው ከሰባቱ ይኸኛው ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

*ግሬተር ፓምፕኪን፣ ሄቪ ሲስ፣ ሜሪላንድ፣ 10 በመቶ።* በበርበን ውስኪ በርሜል የቆየ ነው። ቫኒላው የመጣው ከተቃጠለው የኦክ እንጨት ስለሆነ ከፓምኪንግ ቫኒላ ይለያል፤ ደረቅ ነው፣ ጭስ ጭስ ይላል። ካራሜሉ፣ ውስኪውና ቀረፋው አንድ ላይ ሲመጡ ቢራ ከመሆን ይልቅ ከእራት በኋላ ወደሚቀርብ መጠጥ ይጠጋል። በርሜሉ ቅመሙን ይጫነዋልና የዱባ ፓይ ቅመም ፈልጎ የገዛው ሰው ቅር ይለዋል። ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር፣ ቀስ ተብሎ የሚጠጣ ነው።

| ቢራ | አልኮል | በ355 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለ መደበኛ መጠን | መሪ ጣዕም | ጣፋጭነት | አጨራረስ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፐንኪን ኤል | 7.0% | 1.4 | ብቅል፣ ኦልስፓይስ | ዝቅተኛ | ደረቅ ያለ | መካከለኛ |
| ኢምፔሪያል ፓምፕኪን | 8.0% | 1.6 | ሄል፣ ቅርንፉድ | መካከለኛ | ደረቅ ያለ፣ ቅመም የሚቆይበት | መካከለኛ |
| ፓምፕኪን ኤል (ሽላፍሊ) | 8.0% | 1.6 | ቀረፋ፣ ካራሜል | ከፍተኛ | ጣፋጭ | መካከለኛ |
| ዘ ግሬት ፓምፕኪን | 8.1% | 1.6 | ዱባ | መካከለኛ | ለስላሳ | መካከለኛ |
| ፓምኪንግ | 8.6% | 1.7 | ቫኒላ፣ ብስኩት | በጣም ከፍተኛ | ጣፋጭ፣ ረጅም | መካከለኛ |
| ዋርሎክ | 8.6% | 1.7 | ቡና፣ ቸኮሌት | መካከለኛ | መራራ ጣፋጭ | መካከለኛ |
| ግሬተር ፓምፕኪን | 10% | 2.0 | በርበን፣ ኦክ | ከፍተኛ | ሞቃት፣ ረጅም | ውድ |

እንግዲህ የትኛውን?

የዱባ ቢራ ቀምሶ የማያውቅ፣ መደበኛ ቢራ የለመደ ሰው በፐንኪን ይጀምር። ቅመሙን ከወደደው ቀጣዩ ዋየርባከር ነው፤ ጣፋጩን ከወደደው ወደ ሽላፍሊ ወይም ፓምኪንግ ይሻገር። በመጀመሪያው ቀን ፓምኪንግ የተሰጠው ሰው ወይ በጣም ይወደዋል ወይ ዘርፉን በሙሉ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ይህን አደጋ ለእንግዳዎ አይምረጡለት።

ጣፋጭ መጠጥ የሚወድ፣ ለቢራ ምሬት ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ካለ ግን ፓምኪንግ ለእርሱ የተሠራ ነው። ጠጅ በብርዝነቱ የሚወድ ሰውም በዚህ በኩል ይመደባል። ውስኪ ጠጪው ደግሞ የበርሜሉን ይውሰድ። ውስኪም ጣፋጭም የማይፈልገው ቡና ወዳድ በዋርሎክ አያዝንም።

ለታንክስጊቪንግ ገበታ ብዙ ሰው ሲጠራ አንድ ዓይነት በብዛት ከመግዛት ሁለት ዓይነት ያቅርቡ፦ ከምግቡ ጋር ፐንኪን፣ ከፓዩ ጋር ዋርሎክ ወይም ፓምኪንግ። ከፓይ ጋር ዋርሎክ የሚሻልበት ምክንያት አለ፤ ጣፋጭ በጣፋጭ ላይ ሲመጣ ሁለቱም ስለሚደበዝዙ የቡና ምሬት ያለበት ቢራ ፓዩን ያጎላዋል። ዶሮ ወጥ ለሚቀርብበት ገበታ ከሰባቱ አንዳቸውንም አንመክርም። 5 በመቶ የሆነ ተራ ላገር ይበልጥ ይስማማዋል።

በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው ሙሉ እሽግ ከመግዛቱ በፊት ነጠላ ጣሳ ቀላቅሎ የሚሸጥ መደብር ይፈልግ። ለአራት ጣሳ የሚወጣው ገንዘብ አራት የተለያዩ ቢራዎችን ያስቀምሳል። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ አንባቢዎች ልዩነቱ የክልል ነው፦ ሜሪላንድ ውስጥ አብዛኞቹ ሱፐርማርኬቶች ቢራ ስለማይሸጡ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ወደ መጠጥ መደብር ይሂድ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ሱፐርማርኬቱ ይሸጣል። ምርጫው ሰፊ፣ ቢራውም ትኩስ የሚሆነው በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ነው። ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ተፈላጊዎቹ ማለቅ ይጀምራሉ።

የአልኮሉ ቁጥር የሚያሳስበው ሰው በዚህ ዝርዝር ራሱን አያስጨንቅ፤ በሜን ግዛት የሚጠመቀው ሺፕያርድ ፓምፕኪንሄድ 4.5 በመቶ ገደማ ነው፣ ቀረፋውንም ያገኝበታል። ክብደት ግን አይጠብቅ፤ ከጠንካሮቹ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመስ ውኃማ ይመስላል፣ ስለዚህ ለብቻው ይጠጣ።

የተረፈውን ማስቀመጥ

ከሰባቱ ስድስቱ ለማቆየት የሚሆኑ አይደሉም። ቅመሙ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፣ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው የቀረፋው መዓዛ ሲሆን ቅርንፉዱ ይቆያል፤ በዚህ ምክንያት ያረጀ የዱባ ቢራ ሚዛኑ ወደ ቅርንፉድ ያዘነብላል። ዋርሎክ የተቆላ ብቅል ስላለው ትንሽ ይታገሣል። በርሜል ውስጥ የቆየው ብቻ ነው አንድ ዓመት ቢቀመጥ የሚለዝበው፤ የአልኮሉ ስለት ይቀንሳል፣ ካራሜሉ ወደ ተምርና ዘቢብ ይለወጣል። ጠርሙሱ ቆሞ፣ ጨለማ ውስጥ፣ 12 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጥ። ቀዝቃዛ ምድር ቤት ከሌለ ፍሪጅ ይሻላል፤ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን በምድጃ ሙቀት ምክንያት አይሆንም።

ተከፍቶ የተረፈ ግማሽ ጣሳ በማግሥቱ አረፋው ይሞታል። ፓምኪንግና ሽላፍሊ በትንሽ ስኳር ለስለስ ባለ እሳት ተነፍረው ግማሽ እስኪሆኑ ቢተን ለፓንኬክ ወይም ለተጠበሰ ዱባ የሚሆን ሽሮፕ ይወጣቸዋል። ዋየርባከርና የበርሜሉ ግን ሲተኑ ቅርንፉዱና እንጨቱ ይመርራሉና ለዚህ አይሆኑም።